አጥንት ያረፈበት መሬት

አባቴ መሪጌታ ዕንባቆም በቁስቋም ሰፈር ጥያቄ መጠየቅ የማይችል ብቸኛ ሰው ነው። ሌላው ሲጠይቅ ይመለስለታል። እሱ ሲጠይቅ ግን «መሪጌታ እንዲህ አሉ» ተብሎ እስከ ወለቃ ይወራል። የግማሹን ሰፈር ልጅ ዳዊት ያስደገመ ሰው ነውና አፉ የራሱ አይደለም። ይህን እኔ ልጁ ከነገርኩት ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ።

ጣጣው የመጣው በግቢያችን ሰርቪስ ቤት በተከራዩት ሰዎች ነው። አቶ ገብረ ኢየሱስ ኤርትራዊ ስደተኛ ናቸው። ኩላሊታቸውን ታመው፣ ከልጃቸው ከኤሌኒ ጋር ከዳባት መጠለያ ለሕክምና ጎንደር መጡ። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ከአባቴ ጋር ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ይከራከራሉ፤ አባቴም እንደሳቸው የሚከራከረው ሰው ካጣ ቆይቶ ነበርና ደስታውን አልችለው አለ። ሐኪሞቹ አባቷ ብዙ እንደማይቆዩ ሲነግሯት ኤሌኒ ወደ አባቴ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ እድር እንዲያስገባቸው። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ መቃብር አይቆፈርለትም፣ ሬሳውን የሚያነሳ ትከሻ የለም። አባቴ «ለዚህ ማን እምቢ ይላል ልጄ?» ብሎ ቃል ገባላት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ፋንታሁን ስልኩን ይዞ መጣ። ፋንታሁን ወፍጮ ቤት ያለው፣ ለታመመ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው፤ ይህን የምነግራችሁ በኋላ እንዳትረግሙት ነው። ያመጣው ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር። ስደተኛ በደብር ከተቀበረ ልጆቹ መሬት የመጠየቅ መብት ያገኛሉ፣ እድር የሚገቡትም ለዚሁ ነው ይላል። የሌላ አገር ሰው ቢያነበው ይስቅ ነበር። እኛ ግን በአያት በቅድመ አያት አጥንት ርስት ስንሟገት የኖርን ሰዎች ነን፤ አጥንት ያረፈበት መሬት ጠያቂ እንዳለው ከጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። አባቴም ደነገጠ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተነስቶ ይህ ነገር እውነት ይሆን፣ የምታውቁ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ አልነበረም።

ወሬው ትክል ድንጋይ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ጥያቄነቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነበር። «መሪጌታ ሕጉን አይተው መሰከሩ» ሆኖ መጣ። ምርጫ ደርሶ ስለነበር አንዱ ተወዳዳሪ መሬታችሁን ለመጤ አላስነካም እያለ ይቀሰቅስ ጀመር፤ ፋንታሁንም ድምፁን ለእሱ እንደሚሰጥ፣ ይህንንም ያደረገው በመሪጌታ ምክር እንደሆነ ለአባቴ ሊያበስረው ቤታችን ድረስ መጣ።

እኔ ተናድጄ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታስተምረውን ጓደኛዬን እስከዳርን ጠየቅኋት። እንዲህ ያለ ሕግ የለም አለችኝ። «የኔ አባት እዚሁ ቁስቋም ነው የተቀበረው፤ አንዲት ክንድ መሬት የሰጠኝ ሰው አላየሁም» ብላ ሳቀች። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ በራ፤ እድሩ ሲሰበሰብ ተነስቶ ሊናገር ወሰነ።

ተናገረም። ሕጉ እንደሌለ፣ እሱም መጠየቁን እንጂ አለመመስከሩን፣ ሽማግሌው የሚፈልጉት ሦስት ክንድ ጉድጓድ ብቻ መሆኑን እየማለ ተናገረ። ሰው አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት ሰማው። ከዚያ ፋንታሁን ብድግ አለ።

«መሪጌታ፣ ተከራዮችዎ ናቸው፣ አንጀትዎ አልችል ቢል አንፈርድብዎትም» አለ። «ግን ነገሩ ባዶ ከሆነ ያን ዕለት ምነው ጠየቁን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አባቴ ምን ብሎ ይመልሰዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ድምፅ በእጅ ተሰጠ። ይግቡ ብለን እጃችንን ያነሳነው አባቴ፣ እኔና አንዲት ጆሮዋ የከበደ መበለት ነበርን፤ እሷም ግራ ገብቷት መልሳ አወረደችው። አባል ያልሆነ ሰው ሲሞት ሬሳውን ያነሳ ከእድሩ ይባረራል የሚል ውሳኔም ተጨመረበት። የእናቴን ሬሳ ያነሳው ይኸው እድር ነው፤ ነገ አባቴንም የሚያነሳው እሱ ነው። ትቼው ልውጣ ብዬ አሰብኩና አልቻልኩም፤ በዚህ ራሴን ጠላሁት።

ኤሌኒ ስትሰማ አላለቀሰችም። አባቷን ወደ መጠለያው ልትመልሳቸው ወሰነች።

«በነፍስ እያለ ልውሰደው» አለችኝ። «ሬሳ ከሆነ በኋላ ማን ያነሳልኛል?»

ለአባቷ የነገረቻቸው ግን እዚያ አዲስ ሐኪም መጥቷል ብላ ነው። የእድሩን ነገር ፈጽሞ አልሰሙም።

ሚኒባሱ ጠዋት በር ላይ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እንጀራ ያመጣ አለ፣ ጠበል ያመጣ አለ፣ ያለቀሰም አለ፤ ለቅሷቸው የውነት ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ሽማግሌው መራመድ ስላቃታቸው ፋንታሁን ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ገባና ከአልጋ ላይ ከነፍራሹ አነሷቸው። ቀስ፣ ቀስ፣ እየተባባሉ፣ ጎናቸውን በር እንዳይነካው እየተጠነቀቁ፣ በትከሻቸው ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስተኟቸው። ፋንታሁን ጋቢያቸውን እግራቸው ሥር ሸጎጠላቸው።

አቶ ገብረ ኢየሱስ ሁሉንም አንድ በአንድ መረቋቸው። ከዚያ የአባቴን እጅ ያዙ።

«መሪጌታ፣ አደራ» አሉት። «የሞትኩ እንደሆነ እዚህ አስመጡኝ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር መቀበር እፈልጋለሁ።»

የተሸከሟቸው ሁሉ ሰሙ። ፋንታሁን መሬት መሬት አየ። ኤሌኒ ፊቷን ወደ ሾፌሩ አዞረች።

«እሺ» አለ አባቴ።