ለእልፍነሽ ጩኸት ቦታ ፍለጋ

ዘነቡና እልፍነሽ ሳይሰዳደቡ ውሃ የቀዱበት ጠዋት የለም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት ሰፈር ውስጥ የሀኪማ ግቢ በሚባለው፣ ቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ላይ በተደገፈበት ግቢ፣ ያለው ቧንቧ አንድ ነው። ውሃው ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። በመጣ ጊዜ አንዷ ጀሪካኗን ታስቀድማለች፣ ሌላዋ በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መስማት ነው። የግቢው ሰው የሚነቃው በነሱ ጠብ ስለሆነ የሚደውል ሰዓት መግዛት አላስፈለገውም።

እናም ያን ዕለት ዘነቡ ጀሪካኗን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ «አንቺ ቅጂ፣ እኔ አልቸኩልም» ስትል፣ እልፍነሽ ከጎነበሰችበት ቀና ብላ አየቻት።

«አሞሻል?»

«ምን ያመኛል?»

«አይ፣ ሰው ሊሞት ሲል ነው እንዲህ ደግ የሚሆነው።»

ዘነቡ ቶሎ ብላ የእልፍነሽን ጀሪካን በእግሯ ገለበጠችና «እንዲያውም ዞር በይልኝ፣ ተራው የኔ ነው። ላንቺ ደግነት አይገባሽም» አለቻት። የእልፍነሽ ፊት በራ። የሚመጥን ስድብ መልሳ፣ ውሃዋንም ቀድማ ቀድታ ሄደች። ዘነቡ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

የእልፍነሽ ወንድም ሞቷል። እልፍነሽ አታውቅም። ዘነቡ ታውቃለች።

ወሬውን ያመጣው ጌቾ ነው። ጌቾና የእልፍነሽ ታናሽ ወንድም ታምሩ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደብ ተከታትለው የሚነዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይጠፋም። ሚሌን አለፍ ብሎ የታምሩ መኪና ተገለበጠ። ጌቾ አስከሬኑን ወደ ትውልድ ቦታው ሞጆ አድርሶ፣ አስቀብሮ ተመለሰ። ጅቡቲ ሲገባ ግን ወደ እልፍነሽ አልሄደም። እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ የሚነገረው ለእድሩ ዳኛ ነው። ዳኛው ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳሉ፣ ሴቶች ባለ ሐዘኗን ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ከዚያ መርዶው ይነገራታል። እሷ ስትጮህ ግቢው ይጮሃል፣ ግቢው ሲጮህ ሰፈሩ ይደርሳል። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተበጀ ነገር ነው። የኛ ሰው ባሕሩ ዳር ሲደርስ ብዙ ነገር ከላዩ አራግፏል፤ ይህችን ግን አላራገፈም።

ዘመኑ ግን የመጮኺያ አልነበረም። ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት መግባቱ ነው። ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይውጣ ተብሎ ቀን ተቆርጦ፣ ቀኑም ተራዝሞ፣ የተራዘመውም አልቋል። ፈረንሳይኛ የሚቀናቸው ራፍል ይሉታል፣ እኛ አፈሳ እንለዋለን፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚጭነው መኪና አንድ ነው። ከጫት ተራው ማዶ የፖሊስ መኪና ቆሞ ይውላል። እንቁጣጣሽ ያለ ጭፈራ አለፈ። የግቢው ሰው በአማርኛ ሬዲዮ መክፈት ተወ። ቁሌቱ እንዳያሳብቅ ወጡ ሁሉ አልጫ ሆነ፤ ሕፃን ሲስቅ እንኳ እናቱ አፉ ላይ እጇን ታደርጋለች።

እልፍነሽ ወረቀት የላትም። ዘነቡም የላትም፤ ከግቢው ግማሹ የለውም። ዘነቡ ከአገሯ ከወጣች ዘመን ስላለፋት ድንበር አሻግረው ቢጥሏት የምታንኳኳው በር የለም። በዓለም ላይ የኔ የምትለው ያችን የቆርቆሮ ክፍልና ግማሽ ቧንቧ ነው።

የእልፍነሽን ድምፅ ደግሞ የማያውቅ የለም። ደጉ ጊዜ ላይ ከከተማው ዳር፣ መኪኖቹ ከሚያድሩበት ሜዳ ቆሎ ትሸጥ ነበር። አንድ ጊዜ ስትጣራ መስኮቱን ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የተኛ ሾፌር ይነቃል። ታምሩን ያሳደገችው እሷ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ። በእሱ ሞት የምትጮኸው ጩኸት እስከ ባለሥልጣናቱ ሰፈር፣ እስከ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ድረስ ሚኒስትሮቹን ከወንበራቸው እንደሚያስነሳ የተጠራጠረ አልነበረም።

ስብሰባው በእድሩ ዳኛ በአቶ አዳነ ቤት ሆነ፤ ባለ ሐዘኗን የምትይዝ የቅርብ ጎረቤት ታስፈልጋለችና ዘነቡም ተጠርታ ነበር። አቶ አዳነ አምቡሊ አጠገብ ጋራዥ ያለው፣ ወረቀትም ያለው፣ በዚያ ሙቀት ለእድር ጉዳይ ኮት የሚለብስ ሰው ነው። ኮቱን ሲለብስ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። ያን ቀን ግን ውጭ የሚያልፈውን ለመስማት ቬንቲላተሩን አጥፍቶ ስለተቀመጠ፣ ላቡ በኮቱ ላይ ካርታ ስሎ ነበር።

«መርዶ በሹክሹክታ አይነገርም፣ በደንባችን የለም» አለ።

«ጋሽ አዳነ፣ ደንቡ ሲወጣ አፈሳ አልነበረም» አለ ጌቾ።

«በጨርቅ አፏን ብንይዛትስ?» አለች ዘነቡ።

አቶ አዳነ ዞር ብሎ አያት። «ወይዘሮ ዘነቡ፣ የወንድሟን ሞት ልንነግራት ነው ወይስ ልንዘርፋት?»

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ሦስቱም ወደ በሩ አዩ። መኪናው ከሄደ በኋላ አቶ አዳነ ኮቱን አወለቀና በተራ ድምፁ «ነገሩ እስኪበርድ ይቆይ» አለ። ዘነቡ እፎይ አለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን በዚያ እፎይታ አፈረች። ለእልፍነሽ አዝና እንዳልሆነ ታውቀዋለች፤ ለራሷ ክፍልና ለግማሽ ቧንቧዋ ነው።

ከዚያ ወዲያ የዘነቡ ኑሮ ቲያትር ሆነ። ሌሊት ስታለቅስ አድራ ጠዋት መሳደብ አለባት። የስድቡ ጣዕም ግን ጠፋ። እልፍነሽ የታምሩን ሸሚዝ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ አይታ ዘነቡ ጀሪካኗን ረስታ ቆመች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ገመዱ ያባትሽ ነው?» ትል ነበር።

«ዘገየብኝ» አለች እልፍነሽ። «ይኼ አፈሳ እስኪያልቅ ብሎ ይሆናል። ፈሪ ነው እኮ።»

«አዎ፣ ይሆናል፣ እህቴ።»

እልፍነሽ የሸሚዙን እጅጌ ለቀቀች። «እህቴ?» ወደ ዘነቡ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ንገሪኝ። ጠቁመሽብኛል? ከዚያ መኪና ሰዎች ጋር ተነጋግረሻል? ሰው ሊያስይዝ ሲል ነው እንዲህ የሚያባብለው።»

ዘነቡ ልትምል ፈለገች፤ በምን ትማል? «ታምሩ ይሙት» ልትል ነበር፣ ልማዷ ነውና። «አንቺን አስይዤ ምን ልጠቀም፣ ማን ይገዛሻል?» አለችና ሮጣ ገባች። ያን ምሽት እልፍነሽ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ በር ስር ስታስቀምጥ ዘነቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየቻት። ልትወጣ ነው። ከዘነቡ ሸሽታ መንገድ ላይ ልትያዝ ነው።

በነጋታው ዘነቡ ለሀኪማ ነገረቻት። ሀኪማ የግቢው ባለቤት ናት፤ ሶማሌ ናት፣ ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከዘነቡ ይሻላል፣ በተለይ ኪራይ ስትጠይቅ። ሰምታ ስታበቃ ዘነቡን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እኔንም ደብቀሽኝ ነበር?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማን ያልፈራ አለ? እናንተ ስትያዙ ማን አስጠለላቸው አይሉም?» ሀኪማ ሻሿን አጠበቀች። «ሐሙስ የልጄ ሠርግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከበሮ ይመታሉ፣ እልልታው ሰማይ ይነካል። በጓሮው በር ቤቴ አምጪያት፣ መንገድ አትወጣም። እዚያ ንገሯት። እንዳሻት ትጩህ፣ ማንም አይለየውም።»

«በሠርግሽ ላይ? ገድ አይሆንም እኮ።»

«ገዱን ለኔ ተይው።»

ሐሙስ ዕለት እልፍነሽ፣ የጠራቻት ሀኪማ ስለሆነች ሳታመነታ፣ የሀኪማን ልጅ ቀሚስ፣ ያን ሰፊና ስስ የሶማሌ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ዘነቡም ለብሳለች፤ ሁለቱም መጋረጃ የተጠመጠመባቸው ይመስላሉ። ሀኪማ ከበሮ ለሚመቱት ሴቶች ነገሩን አስቀድማ ነግራለች፤ እጇን ስታነሳ እንዲያጠነክሩት። አቶ አዳነ ደግሞ ያለ ሽማግሌ መርዶ አይሆንም ብሎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ከጌቾ ጋር ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ቆሟል።

ማንም ያላሰበው ነገር እልፍነሽ ደስ መሰኘቷ ነው። ስንት ሳምንት በሹክሹክታ ኖራ ከበሮ ስትሰማ እንደ ተፈታ ሰው ሆነች። እልል አለች። መሐል ገብታ ጨፈረች። ሙሽራዋ በሂና በተዋበ እጇ አጨበጨበችላት። ዘነቡ ግድግዳውን ተደግፋ እያየች፣ እግዚአብሔር ይህችን ሰዓት እንዲያረዝማት ለመነች። ከዚያ ሀኪማ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ዘነቡ የማድ ቤቱን በር ገፋ አደረገችና ጌቾ ብቅ አለ።

እልፍነሽ አየችው። እየሳቀች መጣች።

«ጌቾ! መጣችሁ? ታምሩስ?»

ጌቾ መሬት መሬት አየ። ከጀርባው አቶ አዳነ፣ ኮት ለብሶ። እልፍነሽ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ከኮቱ ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ ዘነቡ አዞረች።

«ዘነቡ» አለች እልፍነሽ፣ ቀስ ብላ። «እስኪ ስደቢኝ።»

ዘነቡ አልሰደበቻትም።

«ስደቢኝ አልኩሽ። ባባቴም በናቴም ስደቢኝ።»

ዘነቡ እጇን ዘርግታ ያዘቻት። መርዶው ይኸው ነበር፤ ሌላ ቃል አልተነገረም።

ሀኪማ እጇን አነሳች። ከበሮ መቺዎቹ ግን ሴቶች ናቸው፤ የእልፍነሽን ፊት እያዩ ነበር። እጃቸው ከበሮው ላይ ደረቀ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ያን ያህል ሰው ይዞ ጸጥ አለ፣ እና የእልፍነሽ ጩኸት በዚያ ጸጥታ መሐል ወጣ። «ወንድሜን!» አለች በአማርኛ፣ ደረቷን በሁለት እጇ እየመታች። ቆርቆሮው ነዘረ። ከማዶ የመኪና በር ተከፍቶ ተዘጋ። ቀጥሎ የጫማ ድምፅ፣ ቀጥሎ በሩ ተንኳኳ።

ዘነቡ እልፍነሽን ወደ ጉያዋ ጨፍልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አቶ አዳነ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነበር። ሀኪማ ከፈተች።

ፖሊሱ ወጣት ነው። ምን ሆናችሁ አለ በሶማሊኛ።

«ሙሽራዋ ናት፣ ከናቷ ልትለይ ነው» አለች ሀኪማ።

ፖሊሱ ሙሽራዋን አያት። ሙሽራዋ ደርቃ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኑ ሲያርፍባት ጊዜ ፊቷን በሂናው እጇ ሸፈነችና ማልቀስ ጀመረች፤ እውነቷን ነበር፣ ከፍርሃት ይሁን ከሐዘን ያወቀ የለም። ኩሏ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ከአጠገቧ ያለችውም ጀመረች። ፖሊሱ ግን ዓይኑን ወደ ወለሉ፣ ወደ ዘነቡና ጉያዋ ውስጥ ወደምትንቀጠቀጠው ሴት አዞረ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

ዘነቡ ሶማሊኛ ከገበያ የለቀመችውን ያህል ታውቃለች። ብዙ ብትናገር አነጋገሯ ያጋልጣታል። አንድ ቃል ብቻ መረጠች።

«ኤዶ» አለች። አክስቷ ነኝ ማለቷ ነው።

ፖሊሱ ቀሚሷን አየ፣ እንዴት እንደለበሰችውም አየ። እልፍነሽ ጥርሷን በዘነቡ ትከሻ ላይ ነክሳ ነበር፤ ዘነቡ ሕመሙ ሲገባ ይሰማታል፣ አልተንቀሳቀሰችም።

«ኤዶ» አለ ፖሊሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሙሽራ እንዲህ አይለቀስም።» ወደ ኋላው ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። «ከበሯችሁን ምቱ። አብረውኝ ያሉት እንደኔ ጠይቀው አይመለሱም።»

በሩ ሲዘጋ ሀኪማ ከበሮውን ራሷ ቀማችና መታች። እስኪመሽ መታች። እልፍነሽ በዚያ ሥር አለቀሰች፤ ከበሮው ከፍ ሲል ትጮሃለች፣ ዝቅ ሲል ቀሚሱን ትነክሳለች። አቶ አዳነ ኮቱን አውልቆ ማድ ቤት ውስጥ ብቻውን አለቀሰ። ሠርገኛው ምን እንደበላ ያስታወሰ የለም።

ውሃ እንደገና በመጣ ጠዋት ዘነቡ የራሷንም የእልፍነሽንም ጀሪካን ይዛ ቧንቧው ጋ ቆመች። እልፍነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች፤ ፊቷ አብጧል። በር ስር የነበረው ፌስታል ተፈትቷል።

ዘነቡ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ማን ጠርቶሽ ነው ተንቀርፍፈሽ የመጣሽው» አለች በሹክሹክታ። «ተራው የኔ ነው።»

እልፍነሽ ዝም ብላ አየቻት። ከዚያ እግሯን አንስታ የዘነቡን ጀሪካን ገፋ አደረገችው።

«በሕልምሽ» አለች፣ እሷም በሹክሹክታ።

ከጫት ተራው ማዶ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ሁለቱ እጃቸውን እኩል ሰደው ቧንቧውን ዘጉና፣ ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ።