የጃኬቱ ቁልፍ

ልብስ ሰፊው ሚስቱን የጠረጠራት በአንዲት የጃኬት ቁልፍ ነው። ሌላው ሰው በስልክ ይጠረጥራል፣ በሽቶ ይጠረጥራል፣ አምሽቶ በመግባት ይጠረጥራል። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከጨርቅና ከክር ሌላ ያየው ነገር ስለሌለ ቅናቱም የመጣው በዚያው በኩል ነው።

ሱቁ ከጦር ሰፈሩ ዋና በር ፊት ለፊት ነበር። ሰፈሩ ባሕር አቋርጠው የመጡ ወታደሮች የከተሙበት፣ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ሆስፒታልና የራሱ መብራት ያለው፣ ከተማውን የሚያስንቅ ከተማ ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የሱቆቹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዉም ወሬውን አቋርጦ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ከበሩ ማዶ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ የሚኖረው በዚያ አጥር ውስጥ ባሉት ወታደሮች ነው፤ ፀጉር ቤቱም፣ የስልክ ካርድ ሻጯም፣ ቢራ ቤቱም፣ መኪና አጣቢዎቹም። ልብስ ሰፊው ደግሞ የወታደሮቹን ሱሪ ያሳጥራል፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበትን ጨርቅ ይሰፋል። ስፌቱ ለዓይን የማይታይ ያህል እንኳ ከተዛነፈ ፈትቶ እንደገና ስለሚሰፋ መንደሩ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። እሱም ስሙን ይወደዋል።

አንድ ነገር ግን ሲያንገበግበው ኖሯል። አጥሩ ውስጥ የስፌት ክፍል ይከፈታል ሲባል ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነበር። እንጠራሃለን ብለው ሸኙት። ሳይጠሩት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ካገኘ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ደጅ አይጠናም፣ አንድ ቀን እነሱ ራሳቸው እግሬ ሥር ይመጣሉ እያለ ይጎርራል። የገባችው ሚስቱ ናት። እሷ የገባችው ለልብስ አጠባ ነው፤ ጠዋት የመግቢያ ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ ሲመሻሽ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትመለሳለች። በዚህ አልቀናም። በበረኪና ማን ይቀናል?

ሰሞኑን ግን በረኪናው ጠፋ። ተሰነጣጥቀው የነበሩት እጆቿ ድነው ለሰለሱ። አረማመዷም ተቀየረ፤ ድሮ እግሯን እየጎተተች የምትገባው ሴትዮ አሁን እያንጎራጎረች ትገባለች። ሥራው እንዴት ነው ሲላት «ደህና ነው» ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትተነፍስም። ሌላ ባል ቢሆን ሚስቴ ተመቻት ብሎ ደስ ይለው ነበር። ሚሊሜትር ግን እጇን በዓይኑ እየለካ፣ ለማን ብላ ነው ያሳመረችው ይል ጀመር።

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ መጨመር የሚወድ ሰው ነው። ወሬ ስለማያመልጠው «ሬዲዮ» ይሉታል። የሰው አገጭ ላይ ምላጭ ይዞ እንኳ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ወታደር ጃኬቱን ይዞ መጣ፤ ማዕረጉ ስላደገ ደረቱ ላይ አዲስ ጨርቅ እንዲሰፋለት ነው። ሬዲዮ ይህንን ወታደር «ሎጋው» ነው የሚለው፤ ልብስ ሰፊው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቀውላላው» ሲለው ኖሯል። ወታደሩ ነገ እመጣለሁ ብሎ በእጁ አስረድቶ ሄደ። ልብስ ሰፊው ጃኬቱን ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ዓይኑ ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ ላይ ቀረ።

ቁልፏ በማሽን የተተከለች አይደለችም። በመስቀለኛ ተሰፍታ፣ ከሥሯ ክሩ እየተጠመጠመ አንገት ወጥቶላታል። ይህን እሱ ራሱ ነው ለሚስቱ ያሳያት፣ አዲስ ተጋቢዎች ሆነው አጠገቡ በርጩማ ላይ እየተቀመጠች የደንበኛ ቁልፍ ስትተክልለት በነበረበት ጊዜ። እሱ ግን ሲጨርስ በጨርቁ ውስጥ በኩል ይቋጥራል። እሷ ክሩን መልሳ በአንገቱ መሀል ታሾልከውና ቋጠሮው ከላይም ከታችም አይታይም። ያኔ «አንቺ እኮ ቋጠሮም ትደብቂያለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር። አሁን አልሳቀም። ጃኬቱን ገለበጠው፣ በጣቱ ዳበሰው። ቋጠሮ የለም።

ልብስ አጣቢ ሴት የወንድ ቁልፍ በእጇ ምን አስተከላት? ለዚያውም ደረት ላይ ያለችውን፣ ልብ አጠገብ ያለችውን።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ፀጉር ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠ። የሥራ መውጫ ሲደርስ ሴቶቹ በሩ ላይ በተደረደሩት የሲሚንቶ ብሎኮች መሀል በሰልፍ መውጣት ጀመሩ። የእሱ ሚስት ከኋላ ነበረች። ቀውላላው በሩ ድረስ አብሯት መጥቶ ቆመና ካናቴራ ብቻ የለበሰ ደረቱን በጣቱ እየነካ አንድ ነገር አላት። ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ሳትሸፍን።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ሬዲዮ፣ መቀሱን እያንቀጫቀጨ። «ሎጋው ጨዋ ልጅ ነው ይባላል።»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ። ሱቁን ከፍቶ ገባና ጃኬቱን ጭኑ ላይ አደረገው። ምላጭ አነሳ። ያቺን ቁልፍ ከነአንገቷ ቆርጦ አወጣት። ከዚያ የራሱን ክር፣ እንዲጠነክር ሻማ እየቀባ የሚጠቀምበትን ክር፣ መርፌ ላይ አስገብቶ ራሱ ተከላት። አንገት አላወጣላትም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ያልታማ ሰው ቁልፏን ጨርቁ ላይ ድፍት አድርጎ ቋጥሮ ተወው። ቀውላላው መጥቶ ሲረከበው የአዲሱን ጨርቅ ስፌት አይቶ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ልብስ ሰፊውም በሆዱ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደበት።

ከቀናት በኋላ ሚስቱ ሲመሻሽ ከሥራ ስትመለስ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ከመሐረቧ ውስጥ የተበጠሰ ክር አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«ያቺን ቁልፍ የፈታሃት አንተ ነህ» አለች። የጠየቀችው አልነበረም። «ሻማ የተቀባ ክር ከዚህ ቤት ሌላ የትም የለም። ወድቃበት ወታደሩ ይዟት መጣ። ምን አድርጋህ ነው?»

«እሷማ ምን ታደርገኛለች። አንቺ የሰው ደረት ላይ ምን እንደምትሠሪ ንገሪኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። የማጠቢያ ማሽኑ የልብሶቹን ቁልፍ ይነቅላል። እሷ የወደቁትን እየለቀመች፣ ማንም ሳያዛት፣ በዕረፍት ሰዓቷ ስትመልስ አለቃዋ አየቻት። የስፌት ክፍሉን ሲከፍቱ ነይ ግቢ አሏት። ከአጠባ ከወጣች ቆይታለች። ያን ቀን ቀውላላው በር ድረስ የተከተላት፣ ጓዶቹ ሁሉ በማሽን የተተከለውን ቁልፍ አስነቅለው የሷን ሊያስተክሉ እንደሚመጡ ሊነግራት ነው።

«የሱን ብቻ መሰለህ?» አለች። «የሰፈሩን ሁሉ ደረት ነው የምሰፋው።»

ልብስ ሰፊው ተነፈሰ። ከሆዱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው። ግን ትንፋሹ ሳያልቅ ሌላ ነገር ገባበት፤ ከመጀመሪያው የባሰ። የስፌት ክፍሉ ወንበር የሱ ነበር። ሲጠብቀው የኖረው፣ በህልሙ የተቀመጠበት ወንበር። እነዚያ ሰዎች እጅ ሲፈልጉ የመረጡት፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦ መርፌ አያያዝ ያሳያትን ሴት ነው። ሌላ ወንድ ይዛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብሎ ማሰቡ ራሱን አስደነገጠው። ወንድን ቢያንስ መስደብ ይቻላል።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ወንበሩ ያንተ እንደነበር ስለማውቅ ነዋ።»

«ማን አስተማረሽ ብለው ጠይቀውሻል?»

«አይጠይቁም» አለች ዝግ ብላ።

ይህቺ ደግሞ አንጀቱን አሳረረችው። አውሮፕላን ተነስቶ ቆርቆሮው እስኪረጋጋ ሁለቱም ጠበቁ።

«ተይው በለኝና እተወዋለሁ» አለች ሚስቱ። «ግን ባፍህ በለው። አኩርፈህ እንዳትቀመጥብኝ።»

ደግ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን እንደሚል ያውቃል። እሱም ያውቅ ነበር።

«ተይው» አላት።

ባጇን ከአንገቷ አውጥታ ክሩ አጠገብ አስቀመጠችና ወደ ቤት ሄደች። እሱም አንስቶ የቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ለአለቃዋ ቤት ውስጥ ሰው ታሞብኛል ብላ ላከች። እርግጥ አንድ ሰው መታመሙ እውነት ነው።

ቤት ዋለች። አላኮረፈችም፣ ይህ ነው ያስቸገረው። ምግቡን በሰዓቱ ታቀርባለች፣ ሲያናግራት ትመልሳለች። መርፌ ግን አልነካችም። የራሱ ሸሚዝ እጅጌ ተተርትሮ ሲያሳያት፣ አንተ አለህ አይደል ብላ አለፈችው።

አንድ ጠዋት ቀውላላው ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። የስፌት ክፍሉ ተዘግቷል ብሎ እጆቹን አጣምሮ አሳየ። የጓደኞቹን ጃኬቶች አስቀመጠለትና የራሱን ቁልፍ፣ እሷ እንደገና የተከለችለትን፣ በጣቱ ነካ። እንደዚህ፣ ማለቱ ነው።

ሚሊሜትር መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ። በመስቀለኛ ሰፋ፣ አንገት አወጣ፣ ክሩን በአንገቱ መሀል ሲያሾልክ ቋጠሮው አፈጠጠበት። ፈታው። ደገመ፤ አሁን ክሩ ላላ። ወታደሮቹ ቆመው ያያሉ። ሬዲዮ ደንበኛውን ሳሙና እንደተቀባ ትቶ በሩ ላይ ወጥቷል። መርፌው የልብስ ሰፊውን ጣት ወጋው።

ሱቁ ከቤቱ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ያንን በር ገፋ አድርጎ ሚስቱን ጠራት። መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ይሄን ቋጠሮ እንዴት ነው የምታስገቢው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

ሰውየው ጃኬቱን አየ፣ ቁልፏን አየ። ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ጊዜ ፈጀ።

«ይሄን አላስተማርኩሽም» አለ። «ይሄ ያንቺ ነው።»

ከበርጩማው ተነሳላት። ተቀመጠች፣ ክሩን ምራቅ አስነካችና ጀመረች። ልብስ ሰፊው ከአናቷ በላይ ቆሞ ጣቶቿን ተከተለ። መጨረሻ ላይ መርፌዋን ትንሽ አዘንብላ ክሩን ሳብ ስታደርገው ቋጠሮው ገባና ጠፋ። እንዴት እንደገባ አየ፤ እንዲህም ሆኖ እሱ እንደማይሆንለት አወቀ። ቅናቱ እዚያው ነበር፣ ደረቱ ውስጥ፣ ንቅንቅ አላለም። ቀውላላው ደስ ብሎት ለሷ ብቻ አውራ ጣቱን ሲቀስር አሁንም ወጋ አደረገው።

ወታደሮቹ ሲሄዱ መሳቢያውን ከፈተ። ከቁልፎቹ መሀል ባጁን ፈልጎ አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገውና አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ገመዱ ተጣሞ ስለነበር እስኪስተካከል ድረስ ሁለት ጊዜ አቃናው።

«ማን አስተማረሽ ካሉሽ ባሌ ነው በያቸው» አላት።

«አይጠይቁም አልኩህ እኮ።»

«ባይጠይቁሽም በያቸው።»