ዝም ያለው መስመር

ጠዋት ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ በሩን ሳይከፍት፣ ሦስት ቁጥር ስልኳን አንስታ አራት ቁጥር ጋ ትደውላለች። «እንዴት አደርሽ» ብሎ ነገር የለም።

«ሦስት ትፈትሻለች።»

«አራት ሰምታለች። አንቺ አሮጊት፣ ዛሬም አለሽ?»

«ተራ የያዝኩት ካንቺ ኋላ ነው፤ ምን ላድርግ።»

ይዘጋሉ። የሦስት ቁጥር ባል ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ያጉረመርማል። «ለዚህች ነው የቀሰቀስሽኝ? ሰው ሲደዋወል እኮ ስለ ጤናው ይጠያየቃል!» እሱ ምን ያውቃል። ስለ ሌላ ነገር ተጠያይቀው አያውቁም።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ካልሆነ በቀር ግን የሚጠራው የለም። በወጣትነታቸው በከተማው ስልክ ማዕከል ውስጥ አንዷ ሦስተኛው፣ ሌላዋ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቁጥሩ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ባል ይዝላል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ የወንበር ቁጥር ግን እንደማይላቀቅ ያኔ ማን ነገራቸው?

ማዕከሉ ከፖስታ ቤቱ በላይ ያለ ረጅም ክፍል ነበር። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ሰው ስልክ ነው። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የስልኩን መዘውር ሲያዞር ከቁጥሩ በላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች። ያኔ ጫፉ ነሐስ የሆነውን ገመድ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተው «ማዕከል፣ ማንን ላገናኝ?» ይላሉ። የማዳመጫው ቅስት ቀኑን ሙሉ ጸጉራቸውን ለሁለት ከፍሎ ስለሚውል የስልክ ሴት መንገድ ላይ በጸጉሯ ትታወቅ ነበር። ምስጢር አናወጣም ብለው ምለው ገብተዋል፤ መሐላው በሻይ ሰዓት አይሠራም እንጂ። የትኛው ነጋዴ ከየትኛዋ መምህርት ጋር «ስለ አየሩ ሁኔታ» ሲያወራ እንደሚያመሽ ከሚስቱ በፊት ያወቁት እነሱ ነበሩ።

አለቃቸው ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ተረከዟ ከደረጃው ሥር ሲሰማ ወሬ የሚያስቋርጥ ሴት ነበረች። «እትዬ አለቃ» ይሏታል። ባል የላትም፤ ልጅ የላትም፤ «ባሌ ይኼ ሰሌዳ ነው፤ ቢያንስ ሲጠሩት ያቃጭላል» ትል ነበር። ከሁሉም በላይ የምትፈራው ዝምታን ነው።

«የሚጮህ መስመር ራሱ ይናገራል» ትላለች። «ተንጫጫ፣ ተቆራረጠ ብለው ባለቤቶቹ ይሰድቡናል፤ እናስጠግናለን። ዝም ያለውን ነው መጠየቅ። ዝም ያለ መስመር ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ ተቆርጧል። ከዚህ ከወንበርሽ ሆነሽ ሁለቱን አትለያቸውም።»

ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ከተማው ሳይነሳ፣ ባለፈው ቀን ያልጮኸ መስመር ሁሉ ይፈተሽ ነበር። ገመዱን ትሰኪያለሽ፤ ታዳምጫለሽ። ደህና መስመር ከሩቅ እንደሚፈላ ድስት ሹክ ይላል። የተቆረጠ መስመር ባዶ ጉድጓድ ነው። ደግሞ ለብቻ መስማት ክልክል ነው። አንዷ «ሦስት ትፈትሻለች» ትላለች፤ ጎረቤቷም በራሷ ማዳመጫ ሰክታ ከሰማች በኋላ «አራት ሰምታለች» ትላለች። ያለ ሁለተኛ ጆሮ የተፈተሸ መስመር እንዳልተፈተሸ ነው።

«ለምን ሁለት ሰው?» ብላ ጠየቀቻት ሦስት ቁጥር፣ አዲስ የገባች ሰሞን።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? ሰው ብቻውን ሲሆን የሚሰማው የፈለገውን ነው።»

አራት ቁጥር ደግሞ እንቅልፋም ነበረች። አንዳንድ ጠዋት ገመዷን ሳትነካ፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች «አራት ሰምታለች» ትል ነበር። ሦስት ቁጥርም ታውቃለች፤ ጓደኛ አይደለች? ዝም። እንዲህ ሲሉ አንድ ጊዜ የዱቄት ወፍጮው መስመር ተቆርጦ ሳያውቁ ቀሩ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ሊያዝ ቢያዞር ቢያዞር የሚመልስለት አጥቶ ከተማው ለቀናት በብስኩት ሻይ ጠጣ። እትዬ አለቃ አልተቆጣችም። ሁለቱንም ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወስዳ አቆመቻቸውና ሰው ተሰልፎ ባዶ እጁን ሲመለስ እንዲያዩ አደረገች። «ሰምታለች ያለችው ጆሮ የታለች?» ብቻ ነው ያለችው።

ይህች ዝምታን የምትፈራ ሴት ናት እንግዲህ የራሷን ዝምታ ያልጠየቀችው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት በኋላ እንደገና ደም ጠብ ጠብ ሲልባት፣ «ልጅነቴ ናፍቆኝ ተመለሰ» ብላ ሳቀች። ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙ የማኅፀን በር ካንሰር ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። መጨረሻዋ ላይ ገላዋን ታጥብ፣ አንሶላዋን ትቀይር የነበረችው አራት ቁጥር ናት። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ያቺ ወሬ የማያመልጣት ሴት፣ ለሦስት ቁጥር እንኳ።

ዓመት ሳይሞላ አውቶማቲክ የሚሉት ማሽን መጣ፤ ሰውም ያለ «ማዕከል» በገዛ ጣቱ መደወል ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ሴቶቹን ሲያሰናብት ለእያንዳንዳቸው የግድግዳ ሰዓትና፣ በመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ነጻ የማኅፀን በር ምርመራ ሰጣቸው። ሁለቱን ስጦታዎች ምን እንዳገናኛቸው እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ሰዓቱ ሳይውል ሳያድር ቆመ። ምርመራው ግን ሦስት ቁጥርን እስከ ዛሬ እያስኬዳት ነው።

ያኔ ግን እሷስ መች ልትሄድ። «እኔ እንደሆን ምንም አያመኝም» አለች።

«ዝም ያለ መስመር!» አለች አራት ቁጥር፤ የእትዬ አለቃን ድምፅ አስመስላ፣ ተረከዟን ወለሉ ላይ እየመታች። «ተነሽ! እኔ ትናንት ገብቼ ወጥቻለሁ። እንደታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ነኝ።»

«ያማል?»

«የፊት ጥርስ ከማስነቀል ይሻላል።»

ክሊኒኩ ሄዱ። አራት ቁጥር ውጭ አግዳሚው ላይ ቦርሳ ይዛ ቀረች። ውስጥ ሲስተሯ ሦስት ቁጥርን አስተኝታ፣ ሆምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ በጥጥ እንደምትቀባና ደህና ያልሆነ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ ነገረቻት።

«ሆምጣጤ? ምነው ሲስተር፣ ሰላጣ መሰልኩሽ?»

ሲስተሯ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ሦስት ቁጥር የዝምታ ባለሙያ ናት፤ ይህኛው ሹክ የሚለው ዓይነት እንዳልሆነ ተኝታ እያለች አወቀችው።

ትልቅ ሆስፒታል ተላከች፤ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር። ግን ገና ከማኅፀን በር አልወጣም። «ምንም ሳያምሽ በመምጣትሽ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሲያምሽ ብትመጪ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።» ማኅፀኗ ወጣ። ሁለት ልጆች ወልዳበታለች፤ «እኔና እሱ ባንድ ዓመት ጡረታ ወጣን» ትላለች እየሳቀች። ማደንዘዣው ሲለቃት ግን አልሳቀችም። አራት ቁጥር እግሯ ሥር ተቀምጣ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ነበር ያገኘቻት፤ ማን ማንን እንደሚያባብል ግራ የገባ ነገር ነበር።

ቁስሏ ደርቆ፣ ለክትትል መመላለስ ጀምራ፣ አንድ ቀን ሲስተሯን ለማመስገን ወደ ክሊኒኩ ጎራ አለች።

«ያቺ ቦርሳ ያዥሽስ?» አለች ሲስተሯ። «ንገሪያት፣ አሁንም እየጠበቅኳት ነው። ካንቺ በፊት በነበረው ቀን መጥታ፣ ተራዋ ሲደርስ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላኝ እስካሁን አልተመለሰችም።»

ሦስት ቁጥር ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ዓይኗን ጨፍና «አራት ሰምታለች» ያለችው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለች። እሷም እንደ ድሮው ጓደኛ ሆና አምናለች፤ ሁለተኛ ጆሮ ሳትሆናት።

ከዚያው ቀጥ ብላ ወደ ጓደኛዋ ሄደች። አራት ቁጥር ከማዕከሉ ወጥታ የክርና የቁልፍ ሱቅ ከፍታለች፤ አንዲት ደንበኛ ለኮት የሚሆን ቁልፍ እያማረጠች ነበር።

«ብርጭቆዋ!» አለቻት ከበሩ። «ሽንት ቤቱ ረጅም ነው መሰለኝ?»

አራት ቁጥር ወዲያው ገባት። «እዚህ ሰው አለ።»

«ትስማ! እሷም ማኅፀን አላት።»

ደንበኛዋ ቁልፉን አስቀምጣ ውልቅ አለች።

«እኔ ምንም አያመኝም» አለች አራት ቁጥር።

«እኔንስ አሞኝ ነበር?»

«ውጪልኝ።»

ወጣች። በማግስቱ ግን ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት፣ ደወለች። «ሦስት ትፈትሻለች።» አራት ቁጥር ጠረቀመችባት። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። አንድ ሰሞን አራት ቁጥር ስልኩን ነቅላ ተኛች፤ ሦስት ቁጥር ለተነቀለው ስልክ ደወለች። ባሏ አበደች ብሎ ለልጆቹ ነገረ። እሷ ግን የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያቺ የጎተተቻት እጅ ባትኖር ዛሬ የት እንደምትሆን ታውቃለች፤ ያቺው እጅ እትዬ አለቃ የሄደችበትን መንገድ እንዳትሄድ ነው የፈራችው።

አንድ ጠዋት ስልኩ ተነሳ፤ አልተዘጋም። ከዚያኛው ጫፍ ትንፋሽ ይሰማል።

«ሦስት ትፈትሻለች» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እትዬ አለቃን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለች አራት ቁጥር። ድምፅዋ የሰው ድምፅ አይመስልም። «አንቺ አላየሽም። ሽታውን... ያንን ቀጥ ያለ ወገብ... አንቺን የጎተትኩሽ እሷን እንዳትሆኚብኝ ነው። የራሴን ግን መስማት አልችልም እህቴ። አለብሽ ቢሉኝ እዚያው ነው የምሞተው።»

ሦስት ቁጥር አላሾፈችም። ከስንት ጊዜ አንዴ ነው እንዲህ የሚሆነው።

«እትዬ አለቃ የሞተችው ስለሰማች መሰለሽ? ዘግይታ ስለሰማች እኮ ነው። እኔም ሰምቻለሁ፤ ይኸው በጠዋት እነዘንዝሻለሁ። ደግሞ ብቻሽን ስሚ ያለሽ ማን ነው? እኔ ምን ልሠራ አለሁ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሹክ የሚል ዓይነት።

«ቦርሳዬን ትይዣለሽ?»

«ከባድ ነው?»

«ያንቺን ያህል አይከብድም፤ አንቺን ተሸክሜ የለ?»

ሲስተሯ ሁለቱንም አንድ ላይ አስገባቻቸው። አራት ቁጥር ተኛች፤ በቀኝ እጇ የሦስት ቁጥርን እጅ ያዘች፤ ግራዋን ጭብጥ አደረገች። ፈሳሹ ተቀባ። ሲስተሯ መብራቱን አስጠጋች፤ አየች፤ ቀና ብላ በዝግታ ተናገረች። አራት ቁጥር ግን ከፍርሃት ብዛት ጆሮዋ ድፍን ብሏል፤ የሲስተሯ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ አንዲት ቃል አልገባላትም። ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ምን አለች?»

«ካንሰር አይደለም አለች።»

«በእናትሽ?»

«ትንሽ ነጭ ነገር አለ፤ ካንሰር ለመሆን እያሰበ ያለ። ሐሳቡን ሳይጨርስ ዛሬውኑ በሙቀት አጠፋዋለሁ አለች። በኋላ እየመጣሽ ትታያለሽ። እኔ ሰምቻለሁ። በሁለቱም ጆሮዬ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል» አለች ሲስተሯ፣ ዕቃዋን እያዘጋጀች።

«ቆይ ቆይ፣ አሁን በሙቀት አላልሽም?» አለች አራት ቁጥር። ጆሮዋ ተመልሷል ማለት ነው።

ሕክምናው አልቆ ተነስታ ስትለብስ ግራ እጇ ተከፈተ። መዳፏ ላይ ከገመድ ጫፍ የተነቀለች ነሐስ ነበረች፤ ለረጅም ጊዜ ከመነካካት ብዛት ወርቅ የመሰለች።

«ሌባ!» አለች ሦስት ቁጥር።

«የአራተኛው ወንበር ናት። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ትቻት ልምጣ?»

ሲመለሱ በፖስታ ቤቱ በኩል አለፉ። አራት ቁጥር ወገቧን ይዛ ቆም አለች። ላይኛው ፎቅ፣ ማዕከሉ የነበረበት፣ ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። አገር ሲያነቃ የኖረ ክፍል አገር ሊያስተኛ ተቀጥሯል። ደረጃውን ወጡ። ሰሌዳው የለም፤ ግድግዳው ላይ የነበረበት ቦታ ግን ከሌላው ቀለም ፈዘዝ ብሎ፣ እንደ ጥላ ረዝሞ ይታያል። መስኮቱ ያው ነው፤ የመንገዱ ጫጫታም ያው። ሦስት ቁጥር በዓይኗ ለካች። አንድ፣ ሁለት... እዚህ ጋ። በነሱ ወንበሮች ቦታ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰፊ ፍራሽ ተዘርግቷል። ጫማቸውን አወለቁና ጎን ለጎን ጋደም አሉ፤ ጣራው ላይ ያቺ ድሮ የቆጠሯት ስንጥቅ አሁንም አለች።

«ተረከዟ ይሰማሻል?» አለች አራት ቁጥር።

ሁለቱም አዳመጡ። ደረጃው ላይ አንድ ሰው እየወጣ ነበር፤ እትዬ አለቃ አልነበረችም። ሻጩ ነው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፍራሹ ላይ ተዘርግተው ሲያይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እናቶቼ፣ ወደዳችሁት? ላስጠቅልላችሁ?»

«ታገስ ልጄ» አለች አራት ቁጥር፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ገና እየፈተሽን ነው።»