ፀጉር የሚያሳድግ እጅ

ወይዘሮ ኪዳን ሰላምታ ሳያስቀድሙ ገቡና በመዳፋቸው ጨብጠውት የመጡትን የፀጉር ድብልብል ከሚዶዎቹ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሳቢራ የአንዲት ልጃገረድን ፀጉር ግማሹን ጎንጉና ግማሹን በጣቶቿ መሃል እንደያዘች ቀረች።

“ይኸውልሽ፣ የእጅሽ ሥራ” አሉ ወይዘሮ ኪዳን። “ፍሬሰላም ዛሬ ጠዋት ስታበጥር የወጣ ነው። የትናንቱን አልጨመርኩትም።”

“እትዬ ኪዳን፣ እስቲ አረፍ ይበሉ። ምን ሆነች?”

“አላርፍም! ልጄ ካገባት ጀምሮ ካንቺ በቀር ፀጉሯን የነካ የለም። ሌላ ሰው ነክቶት ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ጋ በሄድኩ።”

ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ማንም ያልደወለላትን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወጣች። ሌላዋ “ወይኔ፣ ለካ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት!” ብላ ተከተለቻት። ግማሽ ራሷ የተሠራው ልጃገረድ ግን መሄጃ አልነበራትም፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ሴቶች ከዋጃም ከጎብዬም ተነስተው ቆቦ አስፋልት ዳር ወዳለችው ወደዚህች ጠባብ ክፍል የሚመጡት ለሹሩባ ብቻ አልነበረም፤ ሹሩባማ በየመንደሩ ይሠራል። የሚመጡት ለሳቢራ እጅ ነበር። እጇ ለፀጉር ይሆናል፣ የነካችው ያድጋል፣ የሳሳው ይሞላል ይባላል። እናቶች የሴት ልጆቻቸው ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉንጉን ሲደርስ ሌላ ሰው ሳይነካው ለሳቢራ ያመጡላታል። እሷ ይህን ስለ ራሷ ተናግራ አታውቅም፤ ተናግራ ባታውቅም አስተባብላ አታውቅም። “እጅሽ ይባረክ” ሲሏት “አላህ ነው” ትላለች፤ በአባባሏ ውስጥ ግን ከትሕትናው ጋር የተቀላቀለ አንድ የተሰወረ ደስታ ነበረ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ኪራይ የከፈለውም፣ ልጇን ወልድያ ያስተማረውም ይኸው ስም ነው።

ፍሬሰላም ሕፃኗን አዝላ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በሩ ላይ ቆማለች። ሳቢራ ጠጋ ብላ ሻሹን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ያ ስትጎነጉነው እጇን ይሞላው የነበረ ፀጉር ሳስቶ የራስ ቆዳዋ በመሃሉ ይታያል።

“መላጣ ልሆን ነው፣ እቴ ሳቢራ?” አለች ፍሬሰላም በሹክሹክታ። “ባሌ አርአያ ምንም አይልም፤ ግን ትራሱ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞራል።”

“አብሽሪ፣ የኔ ዓለም።” ሳቢራ ሻሹን መልሳ አሰረችላት።

“ነገ በምላጭ አስላጫትና ነጭ ሽንኩርት አሽላታለሁ” አሉ ወይዘሮ ኪዳን። “ከዚያ በኋላ ሌላ እጅ ይሠራታል።”

“ከመላጨቷ በፊት ሐኪም ይያት።”

“ለፀጉር ሐኪም ቤት? ጓለይ፣ ልጄ፣ ለፀጉር ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው የት አየሽ?”

“እኔ እወስዳታለሁ። በእጅሽ ነው ካለኝ ይህን ቤት እዘጋለሁ። አይደለም ካለስ?”

ወይዘሮ ኪዳን አሰቡ። ሽንኩርትና በርበሬ በመነገድ ያረጁ፣ በሚዛናቸው ማንም የማያማቸው ሴት ናቸው። “አይደለም ካለ፣ በዚሁ አፌ፣ እዚሁ በርሽ ላይ ቆሜ እናገርልሻለሁ።”

ሳቢራ የልጃገረዷን ሹሩባ ጨርሳ፣ ቤቱን ቆልፋ፣ ፍሬሰላምን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ እሳት ላይ ያደረ ይመስል ያቃጥላል። ሕፃኑ በናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ሳቢራ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ስታያቸው ከዚህ በፊት ጠይቃው የማታውቀው ጥያቄ መጣባት። የስንቷን ፀጉር እድገት ያለ ምስክር፣ ያለ ማስረጃ፣ “አላህ ነው” እያለች ለራሷ ተቀብላለች? ታዲያ ያን ሁሉ ምስጋና ሳትመረምር የተቀበለች ሴት፣ ዛሬ ወቀሳው ሲመጣ ማስረጃ አምጡ ለማለት በምን አፏ?

የግል ክሊኒኩ ውስጥ ያገኙት የቆዳ ሕክምና ባለሙያ ዘካሪያስ ይባላል፤ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ያለፈ አይመስልም፤ አናቱ ላይ ግን አንድም ፀጉር የለም። ፍሬሰላም ስታየው ዓይኗ ሳይወድ በግድ ወደ ሳቢራ ዞረ።

“ገብቶኛል” አለ እየሳቀ። “በዚህ ራስ ሊያክመኝ ነው ወይ ብለሻል። የኔ ከአባቴና ከአያቴ የወረስኩት ነው፤ ቀስ እያለ ከግንባር የሚሸሽ። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። መቼ ወለድሽ?”

“አራት ወር ሊሆነኝ ነው።”

“ከወለድሽ በኋላ ታመሽ ነበር?”

“አራስ ቤት እያለሁ ወባ ያዘኝ። ትኩሳቱ ሲብስብኝ ስቃዥ አድሬያለሁ ይላሉ፤ እኔ አላስታውስም።”

ዘካሪያስ ጥቂት ፀጉሮች በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበ። ያለ ምንም ሕመም ተነቅለው በጣቶቹ መሃል ቀሩ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረባቸውና ጫፋቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ እብጠት አሳያቸው።

“ይቺን አያችሁ? ዕረፍቱን ጨርሶ በራሱ ጊዜ የወደቀ ፀጉር ምልክት ናት። ፀጉራችን እንደ ማሽላ ባንድ ጊዜ ተዘርቶ ባንድ ጊዜ አይታጨድም፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ያርፋል፤ ያረፈው ይወድቅና በቦታው አዲስ ይወጣል። ለዚህ ነው በየቀኑ ሲረግፍ ልብ የማንለው። ወሊድና ከባድ ትኩሳት ሲደራረቡ ግን ብዙው ባንድነት ወደ ዕረፍት ይገባል። የሚረግፈውም ያኔውኑ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በዚያ መሃል ሰው ትኩሳቱን ይረሳና ጥፋተኛ ይፈልጋል።”

“ይመለሳል?” አለች ፍሬሰላም።

“ይመለሳል። በወራት ውስጥ አጫጭር ፀጉር ብቅ ሲል ታዪዋለሽ፤ እስኪሞላ ግን ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ደምሽን እንመረምራለን፤ ደም ማነስ ካለብሽ የብረት እንክብል ትወስጃለሽ። ምላጭ አያስፈልግም። ነጭ ሽንኩርቱንም ወጥ ውስጥ ክተቱት።”

“ላሽ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር” አለች ሳቢራ።

“ላሽ እንደ ሳንቲም የከበበ፣ የለሰለሰ ባዶ ቦታ ይተዋል። እሱም ሰውነት የገዛ ፀጉሩን ሥር ጠላት መስሎት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የሚተላለፈው ቆረቆር ነው፤ ቅርፊት የሚያወጣ፣ ልጆች ላይ የሚበዛ። እሱ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።”

ሳቢራ የመጣችበትን ጥያቄ በመጨረሻ አወጣችው። “የሠሪ እጅስ? የሠሪ እጅ ፀጉር ያረግፋል?”

“የለም። እጅ እንዲህ አያረግፍም፤ አያሳድግምም” አለ ዘካሪያስ፣ የምርመራውን ወረቀት እየጻፈ፤ በሁለተኛዋ ቃል ከፊቱ ካለችው ሴት ምን እንደወሰደ አላወቀም። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ የፍሬሰላምን ጆሮ ግንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። “ይኼ ግን ከትኩሳቱ ጋር አይገናኝም። እዚህና ግንባርሽ ጠርዝ ላይ ያለው የተሰባበረ ፀጉር ከመጎተት የመጣ ነው። ሹሩባሽ በጣም ይጠብቃል?”

ፍሬሰላም ሳቢራን አየቻት።

“ይጠብቃል” አለች ሳቢራ። “የምሠራት እኔ ነኝ።”

“እንግዲህ አላልተው ይሥሯት። ገና ነው፤ መጎተቱ ከቀረ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይጠፋና ቆዳው ለስልሶ ይቀራል። ያኔ እኔም ብዙ የማደርገው የለኝም።”

ሳቢራ በምንም ነገር ከኮራች በማጥበቋ ነበር። ከእሷ በርጩማ የምትነሳ ሴት ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ የተገረመች መስላ ነው የምትወጣው፤ ሹሩባውም ሳምንታት አልፈው ሳይላላ ይቆያል። ካላስለቀሰ ምኑን ተሠራ ይባላል፤ አባባሉን ያስለመደችው እሷው ሳትሆን አትቀርም።

ሲመለሱ ፍሬሰላም ፊቷ ፈክቶ ነበር። ባጃጁ ገበያው ጋ ሲደርስ የሳቢራን ክንድ ያዝ አደረገች። “የጆሮ ግንዴን ነገር ለእማዬ አልነግራትም። ስለ ሌላው ብቻ ነው የምነግራት።”

ሳቢራ “የለም፣ ንገሪያት” ማለት ነበረባት። “ውለታሽን አልረሳም” ነው ያለችው።

ወይዘሮ ኪዳን የሳቢራ በር ላይ እየጠበቁ ነበር። ምራታቸው የነገረቻቸውን አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ፤ ወባውን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ያንን ሌሊት ከፍሬሰላም ራስጌ ያልተነሱት እሳቸው ነበሩና። ከዚያም ቃላቸውን አከበሩ። ወደ መንገዱ ዞረው፣ በገበያ ድምፃቸው፣

“ስሙ! የሳቢራን እጅ በሐሰት ከስሻለሁ፤ አፌ ቁርጥ ይበል! ያረገፈው ወባው ነው። ይመለሳል ብሏል ሐኪሙ። በማን እጅ እንደሚመለስ ደግሞ አገር ያውቀዋል!”

አጥር ለአጥር ወሬው ሄደ። ወጥ የጣደችው ሴትዮ ተመለሰች።

“ወጡስ?” አሏት ወይዘሮ ኪዳን።

“ደረሰ። እንዴት ያለ ወጥ መሰለዎት፣ በራሱ ነው የደረሰው!” አለች፤ ሁሉም ሳቁ። የሳቢራ ሐሳብ ግን በወይዘሮ ኪዳን ንግግር መጨረሻ ላይ ቀርቷል። ከወቀሳው ነፃ የወጣችበት እውነት ገና ከበሩ ሳያልፍ ወደ አሮጌው ምስጋና ተለውጧል፤ ያውም ከበፊቱ ገዝፎ። ዝም ካለች ፀጉሩ ሲመለስ እጇ መለሰው ይባላል፤ ዝም ማለት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ሳቢራ ቤቱን ስትከፍት ገብተው ተራ ከያዙት አንዷ፣ ኤደን የምትባል ወጣት፣ ከዋጃ በሚኒባስ የመጣች ናት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታች። “የእህቴ ሠርግ ቅዳሜ ነው። ጠበቅ አድርጊልኝ፣ እቴ። እዚህ ከፊት ደግሞ እምቢ ብሎኛል፤ ያንቺ እጅ ያወጣዋል ብለውኝ ነው የመጣሁት።”

ሳቢራ አየችው። በሁለቱም ጆሮ ግንዶች ላይ ፀጉሩ ሸሽቶ ቆዳው ለስልሷል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። እንዲህ ያለ ግንባር ስንት ጊዜ አይታለች! “ግንባርሽ ሰፊ ነው፣ ያምርብሻል” ትላቸው ነበር።

“ቢስሚላህ” ብላ ጀመረች። ጣቶቿ የለመዱትን ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው መስመር ሲያልቅ ቆዳው ከፀጉሩ ሥር ሥር እንደ ዶሮ ቆዳ ችፍ ችፍ ብሎ ተነሳ። ሁለተኛው ሲያልቅ ኤደን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፈገግ ግን አለች።

“ይኸው፣ እጅ ማለት ይኼ ነው!” አሉ ወይዘሮ ኪዳን ከበሩ።

ሳቢራ ሦስተኛውን አልጀመረችም። ወደ መጀመሪያው ተመልሳ ትፈታው ያዘች።

“ምነው? ተሳሳትሽ?” አለች ኤደን።

“አልተሳሳትኩም። ልክ እንደ ወትሮዬ ነው የሠራሁት።” ሁለተኛውንም ፈታችው። “እትዬ ኪዳን፣ ሐኪሙ ያለው አልተጨረሰም። የፍሬሰላም የጆሮ ግንዷ የሳሳው በወባ አይደለም፤ እኔ እየጎተትኩት ነው። ሌላው ሲመለስም በራሱ ነው የሚመለሰው፤ እጄ አንድም ፀጉር አያሳድግም። አሳድጎም አያውቅም።”

ፍሬሰላም ዓይኗን ወደ ሕፃኑ መለሰች። ወይዘሮ ኪዳን አፋቸው ተከፍቶ፣ የሚከሱት ይሁን የሚያመሰግኑት ጠፍቷቸው ቆሙ።

“ታዲያ እኔ ከዋጃ ድረስ ለምን መጣሁ?” አለች ኤደን፣ ፊቷ እየቀላ።

“ለፀጉር ማሳደግ ከሆነ ክሊኒኩን ላሳይሽ፤ የጠፋውን ይመልስልሽ እንደሆን ሐኪሙ ይይልሽ። ለሠርጉ መሠራት ከሆነ እሠራሻለሁ፤ የፊቱን ሳልነካ፣ አላልቼ። ያምርብሻል። ብዙ ላይቆይ ይችላል።”

ከኋላ አንዲት ሴት ተነስታ ወጣች። ሳቢራ ማን እንደሆነች ለማየት ዞር አላለችም። ሚዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን ከኤደን ራስ ላይ አነሳችና መልሷን ጠበቀች።