ነፍስ ጨምሪልኝ

«ነፋሱ ነው የደከመው ወይስ ቅዝቃዜው?»

ባሏ ይህን የጠየቃት ልቡን አሞት ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት፣ በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ነበር። ደረቱ ላይ የነበረውን እጇን አንስቶ ወደ አየር መውጫው ጠቆማት። እሷም መዳፏን ዘረጋች፤ ግን የሚነካትን መለየት አቃታት። «እንጃ» አለችው። «እንጃልኝ።» ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ መልሱን የሚሰማት አልነበረም።

አሁን ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወንበሮቹ ግድግዳ ታከው ተደርድረዋል፤ ሻይና ቡና በፔርሙዝ ይዞራል። እሷ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ያልጨረሱትን ብርጭቆ ታነሳባቸዋለች፣ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ግቢው ታያለች።

«ኧረ ተቀመጪ አንቺ ሴት!» አለች ጎረቤቷ ቀሚሷን ይዛ። «ሐዘንተኛ ነሽ እንጂ አስተናጋጅ ነሽ እንዴ?»

ተቀመጠች። ወዲያው ተነሳች።

ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ጥቁሯ መኪና ቆማለች። አሮጌ ናት፤ በጊዜዋ ግን የባለጠጎች ነበረች። የቆዳ ወንበር፣ እንጨት የለበሰ ዳሽቦርድ፣ እንደ ካዝና ግጥም ብሎ የሚዘጋ በር አላት። ባሏ የመኪና ኤሲ ሠሪ ነበር፤ ሰፈሩ «ጋሽ በረዶ» ይለዋል። እሱ ደግሞ መኪናዋን «ወይዘሮዋ» ይላት ነበር። «ከሁለት ወይዘሮ ጋር መኖር ቀላል መሰላችሁ? አንዷ ትሞቃለች፣ አንዷ ትቆጣለች።»

ዛሬ ሹክሹክታው ሁሉ በዚህች መኪና ላይ ነው። የጀመረው ታላቁ ልጅ ነው። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ ለቀብሩ እንኳ ያልደረሰ። «የሰውን መኪና ሁሉ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ በገዛ መኪናው በሙቀት ታፍኖ ሞተ» አለ ለአንድ ዘመድ። ዘመድ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለመንደር አደረሰው። ለእህቱ ግን ፊት ለፊት ነው የነገራት፦ «ታክሲ ብትጠሪ ምን ነበረበት? ምድጃ ውስጥ ከተትሽው እኮ!»

መኪናዋን የነዳችው እህቱ ናት። አባቷ ጋራዥ ውስጥ ያደገች፣ አሁንም እዚያው የምትሠራ። በልጅነቷ ኪሷ ሁልጊዜ ብሎን አያጣም ነበርና አባቷ «ብሎኔ» አላት፤ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። ወንድሟ ከተናገራት በኋላ እህል አልቀመሰችም። እናት ይህን አይታለች። ባሏን ቀብራ ሳታበቃ ልጇ በቁሟ ስትቀበር ዝም ብላ ልታይ ነው?

እናት ፊደል የቆጠረችው ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ ባሏ የሚሆነውን አጣ። ወረቀት እየቆረጠ ቤቱን ሁሉ ለጠፈበት፦ «በር»፣ «ስኳር»፣ «ጨው»። አንድ ቀን ሊፈትናት የስኳሩንና የጨዉን ወረቀት አቀያይሮ ለጠፈ፤ ጨው የገባበትን ሻይ ግን ራሱ ጠጣው። ቤቱ ሲያልቅበት ወደ ወይዘሮዋ ተሻገረ። ከአንድ እስከ አራት በሚዞረው የማራገቢያ ቁልፍ ሥር አንድ ቁራጭ ለጠፈና ጠራት።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«ነ... ፍ... ስ። ነፍስ!»

አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «‹ነፋስ› ነው እኮ ያልኩት! ነፍስ እስከ አራት ድረስ! እንዲህ ያለ መኪና ቢኖረኝማ የደንበኛው ሰልፍ ባሕር ይሻገር ነበር።»

አኮረፈች። ፋን ፍ ማለት ይህን ያህል ያስቃል? ግን ከዚያ ወዲህ በቤቱ ነፋስ የሚባል ነገር ቀረ። መስኮት ይከፈት ሲል «ነፍስ አስገቢ»፤ ሾርባው ሲፈጀው «ነፍስ እፍ በይበት» ሆነ። ወደ ሆስፒታል በወሰዱት ቀንም «ዛሬስ እንደ ጌታ ከኋላ ተቀመጥኩ» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ላቡ አንገቱን እያጠበው ነበር።

«ብሎኔ፣ ነፍስ ጨምሪልኝ።»

«አራት ላይ ነው፣ አባዬ።»

ያን ጊዜ ነው ወደ ሚስቱ ዞሮ የጠየቃት።

«እማዬ፣» አለ ታላቁ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ነገ መኪናዋን የሚጎትት ሰው ይመጣል። ብረት ለቃሚዎቹ ይውሰዷት። አንቺም ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ብቻዬን? ብሎንስ?»

ልጁ ከረባቱን አስተካከለ።

እናት ተነሳች። ነጠላዋ ወለሉን እየጠረገ በለቀስተኛው መካከል አልፋ ወጣች። «ነካት መሰል» ሲል አንዱ ሰማች። ብሎን ከቤቱ ጀርባ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሺ። መኪናዋን አስነሽልኝ።»

«እማዬ፣ ተይኝ በናትሽ።»

«አልተውሽም! አባትሽ ለጠየቀኝ መልስ ሳልሰጥ መኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

ብሎን እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሄደች።

ሞተሩ ተነሳ። ብሎን ኤሲውን ከፍታ፣ ኮፈኑን አነሳችና ጆሮዋን ጣለች። ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» ብሎ ያዘ። «የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ይሠራል» አለች ለራሷ ያህል። ጥቂት ጠብቃ የእናቷን እጅ አንድ ቧንቧ ላይ አደረገችው። ቧንቧው በረዶ ሆኗል፤ ላዩ አልቦታል።

«ይኼ ካላበው ጋዙ አለ ማለት ነው። አሁን ነይ ወደ ውስጥ። መዳፍሽን አይደለም፤ መዳፍ በሥራ ደንድኖ ይዋሻል። የእጅሽን ጀርባ።»

እናት የእጇን ጀርባ ወደ አየር መውጫው አስጠጋች። የሚወጣው የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው። ስስ ነው። ግን ቆዳዋ ላይ ያረፈው ቀዝቃዛ ነበር።

«ነፋሱ ነው!» ጮኸች። «ነፋሱ ነው የደከመው! ቅዝቃዜው አለ!»

ብሎን ተንበርክካ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን መሳቢያ ፈታች። ከበስተጀርባው የአየር ማጣሪያውን ስባ አወጣችው። የዛፉ ደረቅ ቅጠልና አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተሰፍቶበታል። «የሰውን ሲያጸዳ የራሱን ረሳው» አለች፤ ልትስቅ ብላ ሳይሆንላት ቀረ። ከዚያ ማጣሪያውን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«እማዬ... አባዬ እኮ መልሱን ያውቀው ነበር።»

«የቱን?»

«የደከመው የቱ እንደሆነ። ከመንገድ ማዶ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አንቺን ይጠይቅሽ? በሙቀት ያበደ ደንበኛ ሲመጣበት መጀመሪያ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ሲያስብ ይረጋጋል። ‹የፈራን ሰው ሥራ ስጪው› ይለኝ ነበር።»

እናት እጇን አየችው። ደረቱ ላይ የልቡን ምት ስትከታተል የነበረ እጅ ነው። እሱ ነው ያነሳው። እንዳትሰማው ነው ያነሳው።

ታላቁ ልጅ የቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። እናቱ ጠራችው። ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ብሎን ማጣሪያውን አራግፋ ቦታው ስትመልሰው ነፋሱ መጥቶ ከረባቱን ትከሻው ላይ ወረወረው።

«እጅህን አምጣ። ጀርባውን። ቅጠሉ ሳይወጣም እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ። እህትህ አባትህን ምድጃ ውስጥ አልከተተችውም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ... አልደረስኩም።»

«አልደረስክም፣ ልጄ። ያንን ግን እሷ ላይ አትለጥፈው።»

እጁን አየሩ ላይ እንደዘረጋ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ብሎን» አለ፣ «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም።»

የሚጎትተው ሰውዬ በማግስቱ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ።

የተውሶ ወንበሮቹ ሁሉ ለየባለቤታቸው በተመለሱ ጊዜ፣ ብሎን ወንድሟን በወይዘሮዋ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ወሰደችው። እናት ከኋላ፣ ባሏ በነበረበት ጎን ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ነፍስ ልጨምርልሽ?»

«ሁለት ይበቃኛል።»

ጣቢያው ላይ ልጁ ሻንጣውን አውርዶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «አሁንም አትመጪም?» ግንባሩን ስማ ለቀቀችው። አውቶቡሱ ከዓይን ሲሰወር ከኋላ ወርዳ ከፊት ገባች። ከማራገቢያው ቁልፍ ሥር ያለችው ወረቀት ጫፏ ተላቆ በነፋሱ ትርገበገባለች። አነበበቻት። በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ መልሳ አጣበቀቻት።

ታላቁ ልጅ ሄደ። እሷና ብሎን ቀሩ።