ሁለት ፊኛ ለአንድ ልብ

አባቴ ቄስ ክንፈሚካኤል የሞተው በ2006 ዓ.ም.፣ ሰኔ አሥራ አራት ቀን ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «ሐኪም ልቡን ነካክቶ ገደለው» ይላል። ውሸት ነው። ሐኪሙ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል።

በግንቦት መጀመሪያ ከቡሬ ገጠር አዲስ አበባ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ነርስ ስለሆንኩ ሐኪሙ በወረቀት እየሣለ አስረዳኝ። የልቡ የደም ሥር የተዘጋው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። ዋናውን ከፍቶ ቀጭን የሽቦ መረብ ዘረጋበት። መረቡ ግን የቅርንጫፉን አፍ ያጠባል፤ ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ፊኛዎች በሁለቱም በኩል አስገብቶ ባንድ ጊዜ ነፋቸው። ሁለቱም ተከፈቱ።

አባቴ ይህን ሲሰማ «እኛ ባንድ ቦይ ሁለት ማሳ ለማጠጣት ስንት ዘመን ተካሰስን!» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው።

«መረቡ ላይ ደም እንዳይረጋ ይህን ኪኒን አንድ ዓመት ይውሰዱ፤ አንድም ቀን መዝለል የለም» አለኝ ሐኪሙ ለብቻዬ።

አባቴ ሰው ሆነ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ያለ እረፍት ይወጣ ጀመር። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ፣ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ከወር በኋላ መርዶው መጣ።

ከቀብር መልስ የአባቴን የዕቃ ሣጥን ብከፍት ኪኒኑ ቁጭ ብሏል። ሰኔ ከገባ ወዲህ የነካውም የለም። በንዴት እናቴ ላይ ጮህኩባት። «ለምን አልዋጠም? ምን ትሠሪ ነበር?»

«አንቺው አይደለሽ የጻፍሽለት?» ብላ ከዳዊቱ መሀል ወረቀት አወጣች። እሷ ማንበብ አትችልም። የኔው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ጨጓራ እንዳይነካ ለሁሉም በሽተኛ የምጽፈው፦ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ።

የሰኔን ጾም ብዙ ሰው አይጾመውም፤ የቄስ ጾም ነው ይሉታል። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። ቁርስ የለም፤ ስለዚህ ኪኒንም የለም። የታዘዘውን ፊደል ሳያዛባ ነው የሞተው። የቄስ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ እንደሚጾም ረሳሁ!

«ማታ እንኳ ዋጠው ስለው እምቢ አለኝ» አለች እናቴ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «‹ፍሬሕይወት ለጾሜ አስባ ነው እንዲህ የጻፈችልኝ፤ የተባረከች ልጅ› እያለ ሲመርቅሽ ከረመ። እውነት ለጾሙ አስበሽ ነው?»

«አዎ» አልኳት።