ለኦክታቭ እናት የገዛሁት ክር

ከምዕራቧ ቲሚሽዋራ ወደ ምሥራቋ ያሽ የሚሄደው ባቡር አገሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ስለሆነ ለሐሳብ ከበቂ በላይ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከያሽ ሳልወጣ የኦክታቭ እናት ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ካላወቁ ብቻዬን እመለሳለሁ፣ አበቃ።

ኦክታቭና እኔ ቲሚሽዋራ ውስጥ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ ዓመታት ኖረናል። ባለፈው መከር እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ሊያስታምማቸው ወደ ትውልድ ከተማው ሄደ። እሳቸው ድነው በከዘራ መሄድ ከጀመሩ በኋላም አልተመለሰም። "ትቻት ስመጣ ምን ልበላት? እዚያ ማን ይጠብቅሃል ብትለኝስ?" ይለኛል በስልክ። ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው የሚል ሰው ነው። በእናቱ ዘንድ እኔ የሥራ ባልደረባ ነኝ።

የተከራየሁት ክፍል ኮፖው ኮረብታ ላይ፣ ተማሪ ከሚርመሰመስበት ዩኒቨርሲቲ ጀርባ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዛምፊራ በሩ ላይ ተቀበሉኝ።

"ለሁለት ሰው ነው ያልከው። ሚስትህ የታለች?"

"ሚስት የለኝም። የሚመጣው የምወደው ሰው ነው። ወንድ ነው።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የነገርኳቸው። ሻንጣዬን እንኳ ከእጄ አላወረድኩም፤ የሚያባርሩኝ ከሆነ ማውረዱ ምን ይጠቅማል? እሳቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ያጨሳል?"

"አያጨስም።"

"እንግዲያው ግባ። ካንተ በፊት የነበረው ባለትዳር ነበር፤ መጋረጃዬን በሲጋራ አቃጥሎብኝ ሄደ።"

በማግስቱ ማርች አንድ ነበር። በዚያ ቀን አገሩ በሙሉ ማርጺሾር ይሰጣጣል። ቀይና ነጭ ክር ተገምዶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጌጥ ተንጠልጥሎበት፣ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይሰካል። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው እየተጯጯሁ ይሸጣሉ። በእኛ በባናት፣ በቲሚሽዋራ አካባቢ፣ ወንድ ልጅ በዚህ ቀን ባዶ እጁን ሴት ፊት አይቀርብም። እኔም የእንጨት ወፍ የተንጠለጠለችበት ቆንጆ ክር መረጥኩ።

"ለማን ነው?" አለችኝ ሻጯ ልጅ።

"ለአማቴ" አልኳት። ቃሉን ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አድርጋ ሳቀች። በአነጋገሬ የሳቀች መሰለኝ። የያሽ ሰው በእኛ በባናቶች አነጋገር ሳይስቅ አይውልም።

ኦክታቭ መናፈሻው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል። ልቅፈው እጄን ስዘረጋ ወዲያና ወዲህ አየ።

"ሊዮንቲን፣ እባክህ፣ ዛሬን ብቻ ባልደረባ ሁን። ልቧ ደካማ ነው።"

"አጥንቷ ነው ስትል ከረምክ፣ አሁን ደግሞ ልብ መጣ? ነገ ጉበት ልትል ነው?"

"አትቀልድ!"

"አልቀለድኩም። አገር ያቋረጥኩት ባልደረባ ልሆን አይደለም። ስማኝ፣ ካልተጠየቅሁ አልናገርም። ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም። ከዚህ በላይ አትለምነኝ።"

ወደ እናቱ ሕንፃ ቀድሞኝ ተራመደ። ደረጃውን ስንወጣ ጎረቤታቸው እትዬ ፓራስኪቫ በራቸውን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። የሕንፃው ወሬ በሙሉ በሳቸው በር እንደሚያልፍ ኦክታቭ ነግሮኛል። "የሥራ ባልደረባዬ ነው" አላቸው ሳይጠይቁት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ደሜ ፈላ፤ ግን ዋጥ አደረግሁት።

እማማ ሩክሳንዳ ትንሽዬ፣ ቀጭን፣ አንደበተ ፈጣን ሴት ናቸው። አይብ የተጠቀለለበት ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቁን።

"ባልደረባ የተባልከው አንተ ነህ? ያን ሁሉ መንገድ በባቡር? ባልደረባ እንዲህ ከሆነ ዘመድማ ምን ሊሆን ነው!"

ስጦታዬን አቀረብኩላቸው። ከፍተው ወፏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

"ኦክታቭ፣ ና እይልኝ! ይሄ ሰውዬ ወንድ አደረገኝ!"

"ምን አጠፋሁ?" አልኩ።

"በእኛ በያሽ፣ ልጄ፣ ሰጪዋ ሴቷ ናት፤ የሚሰካለት ወንዱ ነው። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ ተማሪዋ ለተማሪው። ለስንቱ ወንድ ስሰካ ኖሬ ለእኔ ያመጣልኝ የለም።" ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሳቅ ብቻ አልመሰለኝም።

ኦክታቭን አየሁት። ቲሚሽዋራ ሳለን በየዓመቱ ማርች አንድ ሲሆን ይከፋው ነበር። ምነው ስለው "ብርዱ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ለመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ሁሉ ክር ስገዛ፣ እሱ ባዶ ደረቱን ይውላል። አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። ለካ ክር ሲጠብቅ ነበር።

"ለአንተስ ማን ሰካልህ?" አሉኝ እናቱ።

"ማንም።"

"ሚስት የለህም?"

"የለኝም።"

"ታዲያ እዚያ ቤትህ ማን ይጠብቅሃል?"

ኦክታቭ በዓይኑ ለመነኝ። ቃሌ ግን ቃል ነው።

"አሁን ማንም አይጠብቀኝም፣ እማማ። ይጠብቀኝ የነበረው ሰው እርስዎን ሊያስታምም መጥቶ እዚሁ ቀረ።"

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ ያዩት ልጃቸውን ነው።

"እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው፣ እማ።"

ከዘራቸውን አነሱና መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

"ይኸው! ደስ አለህ?" አለኝ።

"ደስ አላለኝም። ግን አልወጣም። ውጣ የሚሉኝ ከሆነ ራሳቸው ይበሉኝ።"

"የፈሩት ይደርሳል" እያለ ጭንቅላቱን ያዘ። ዳቦው ቀዘቀዘ። እኔም ፈርቼ ነበር። ቢሆንም ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።

በሩ ተከፈተ። እማማ ሩክሳንዳ የስፌት ሣጥናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀይና ነጭ ክር መዘዙና ጫፉን ወደ እኔ ዘረጉት።

"ያዝ። ጠበቅ አድርገህ፣ ክር መግመድ ብቻዬን አይሆንልኝም።"

ያዝኩላቸው። ከወዲያ ጫፍ እየገመዱ ሲስቡት በክሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። አንዱን ጨርሰው ለኦክታቭ ሰኩለት። ሁለተኛውንም ገመድን።

"ጎንበስ በል፣ አልደርስብህም" አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ።

"ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ነገሩ አልገባኝም። ስትወጡ ማልቀሴ አይቀርም፣ ከቄሱም ጋር የምነጋገረው አለኝ። ግን ማርች አንድ ቀን ከዚህ ቤት ባዶ ደረቱን የወጣ ወንድ የለም። ዛሬም አይወጣም።" መርፌውን ቆለፉት። "ወፏን ግን አልመልስልህም።" ሹራባቸው ላይ ሰኳት።

እጃቸውን ሳምኩ።

ወደ ከተማው ልንወጣ ደረጃውን መውረድ ስንጀምር የእትዬ ፓራስኪቫ በር ገርበብ አለ።

"ውይ ኦክታቭ፣ እናትህ ለባልደረባህም ሰካችለት እንዴ?"

አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ቆመ። እጄን ያዘ።

"ባልደረባዬ አይደለም፣ እትዬ ፓራስኪቫ። ሊዮንቲን ይባላል፤ አብሬው የምኖረው፣ የምወደው ሰው ነው።"

ሴትዮዋ በራቸውን ወለል አድርገው ከፈቱት። ወዲያው ከላይ የከዘራ ኳኳታ ተሰማ፣ ከኳኳታው በላይ ደግሞ የእማማ ሩክሳንዳ ድምፅ።

"ፓራስኪቫ! በርሽን ዝጊ፣ ብርድ ልጆቼን ይመታብኛል!"